ከሰማይ የሚመለስ የገደል ማሚቶ፦ የአንድ በረንዳ የራዳር መቀበያ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 9 ቀን

በምሥራቅ ፈረንሳይ፣ ከዲዦን ከተማ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ብሯ-ሌ-ፔም ከተባለች መንደር አጠገብ፣ በ143.050 ሜጋኸርትዝ ድግግሞሽ ቀንና ሌሊት ወደ ሰማይ የሚያሰራጭ ጣቢያ አለ። ግራቭስ የተባለ ራዳር ነው። የነደፈው ኦኔራ የተባለው የፈረንሳይ የበረራና የጠፈር ምርምር ተቋም ሲሆን፣ የፈረንሳይ አየር ኃይል እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በዝቅተኛ ምህዋር የሚዞሩ ሳተላይቶችንና ስብርባሪዎችን እየተከታተለ ለመመዝገብ ይጠቀምበታል። ጣቢያው ንግግርም ሙዚቃም አይልክም፤ የሚልከው አንድ ወጥ የሆነ፣ ምንም መልእክት ያልተጫነበት ሞገድ ነው። አራት ሰፋፊ የአንቴና ገበታዎች እያንዳንዳቸው 45 ዲግሪ እየሸፈኑ ከምሥራቅ በደቡብ በኩል እስከ ምዕራብ ያለውን የሰማይ ግማሽ ያዳርሳሉ፤ በዚያ ጨረር ውስጥ የሚያልፍ ብረት ሁሉ ከደረሰው ሞገድ ጥቂቱን ወደ ምድር ይመልሳል።

የግራቭስ መቀበያ ከማሰራጫው ጋር አንድ ቦታ አይደለም። ወደ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ በስተደቡብ፣ በአልቢዮን አምባ ላይ፣ 60 ሜትር ስፋት ባለው ክብ ቦታ ላይ በተተከሉ መቶ ያህል አንቴናዎች የተሠራ ነው። ይህ የሆነበት ምክንያት ቀላል ነው። ማሰራጫው ለአፍታ እንኳ ዝም ስለማይል፣ መቀበያው አጠገቡ ቢተከል ኖሮ ከፍተኛው ድምፅ ደካማውን ማሚቶ ይውጠው ነበር።

ከሰማይ የሚመለሰው ሞገድ ግን ወደ አልቢዮን ብቻ አይወርድም። በሁሉም አቅጣጫ ይበተናልና እኔ በምኖርበት በፍራንክፈርት፣ ከማሰራጫው 385 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው ወደ ደቡብ በሚያየው በረንዳዬም ላይ ይወርዳል። የዚህ ሥራ ዓላማ ያንን ማሚቶ በራሴ አንቴና መያዝ፣ ከያዝኩትም በኋላ የየትኛው ሳተላይት እንደሆነ በስሌት ማረጋገጥ ነው። መጀመሪያ ዓለም አቀፉን የጠፈር ጣቢያ፣ ቀጥሎ ትልቅና ዝም ያለ ሳተላይት፣ በመጨረሻም ኢትዮጵያ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ወደ ምህዋር የላከቻትን ሳተላይት፣ ኢቲአርኤስኤስ-1ን እፈልጋለሁ። ክብደቷ 72 ኪሎ ግራም ብቻ ስለሆነ ተስፋው ቀጭን እንደሆነ ከአሁኑ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሥራውን እስከ ታኅሣሥ 10 ድረስ ለማድረስ ለራሴ ቀጠሮ ሰጥቻለሁ።

ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር፣ የምልከታ ሰዓቶቹን ግን በዓለም አቀፉ ሰዓት እመዘግባለሁ።

መስከረም 13 ቀን

አንቴናው ተሠራ። የ143.050 ሜጋኸርትዝ ሞገድ ርዝመት 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ የአንቴናው ዘንጎች ከግማሹ ትንሽ የሚያንሱ ይሆናሉ። አራት ዘንግ ያለው ያጊ አንቴና መረጥኩ። የኋላው አንጸባራቂ 103 ሳንቲ ሜትር፣ ገመዱ የሚገጠምበት ዘንግ 99፣ የፊቶቹ ሁለቱ ደግሞ 93 እና 91 ሳንቲ ሜትር ናቸው። ዘንጎቹ የአሉሚኒየም ቱቦዎች ሲሆኑ የተሸከማቸው ከአንድ ሜትር ተኩል ትንሽ የሚረዝም ደረቅ እንጨት ነው። ርዝመቱን ለመለካት የቸኮለ ሰው ይጸጸታል፤ በ99 ሳንቲ ሜትር ዘንግ ላይ የ1 ሳንቲ ሜትር ስህተት አንቴናው የሚስማማበትን ድግግሞሽ በ1.4 ሜጋኸርትዝ ያህል ያዛባልና እያንዳንዱን ቱቦ ከመቁረጤ በፊት ሦስት ጊዜ ለካሁ።

ብዙ ጊዜ የወሰደው ገመዱን ከዘንጉ ጋር ማገናኘቱ ነበር። አሉሚኒየም በተራ ብየዳ አይያዝም፤ አየር እንዳገኘው ወዲያውኑ ስስ ዝገት መሰል ልባስ ስለሚለብስ ብየዳው ተንከባሎ ይወድቃል። ስለዚህ የሁለቱን ግማሾች ጫፍ በትራፓኖ በስቼ፣ ዙሪያውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ድረስ ፈትጌ፣ በማይዝግ ብሎን ላይ የገመዱን የመዳብ ጫፎች በቀለበት አሰርኩ። ከላዩም ዝናብ እንዳይገባበት በላስቲክ ሸፈንኩት። ገመዱ ራሱ አንቴና ሆኖ የቤቱን ጫጫታ እንዳይሰበስብ ደግሞ ከመገናኛው ሥር ስድስት ጊዜ ክብ አድርጌ ጠምዝዤ ከእንጨቱ ጋር አጥብቄ አሰርኩት።

አቅጣጫውን በተመለከተ፣ የመጀመሪያ ሐሳቤ አንቴናውን ወደ ማሰራጫው ማዞር ነበር። ይህ ስህተት ነው። እኔ የምፈልገው ማሰራጫውን አይደለም፤ በጨረሩ ውስጥ የሚያልፈውን ነገር ነው። የጠፈር ጣቢያው በ420 ኪሎ ሜትር ከፍታ ሲያልፍ፣ ከግራቭስ በ25 ዲግሪ ከፍታ የሚታይበት ቦታ ከማሰራጫው 750 ኪሎ ሜትር ያህል በስተደቡብ፣ ከሜኖርካ ደሴት በስተምሥራቅ ካለው ባሕር በላይ ነው። ያ ቦታ ከፍራንክፈርት ሲታይ ከሰሜን ተነሥቶ ሲቆጠር በ193 ዲግሪ አቅጣጫ፣ ከአድማስ በላይ ደግሞ 15 ዲግሪ ላይ ይውላል። አንቴናውን ወደዚያ አዙሬ አጠበቅሁት። የአራት ዘንግ አንቴና እይታ ሰፊ ስለሆነ እያንዳንዱን ሳተላይት እየተከተሉ ማዞር አያስፈልግም።

መስከረም 19 ቀን

መቀበያው በላፕቶፕ ላይ የሚሰካ፣ ከአውራ ጣት ትንሽ የሚበልጥ ርካሽ መሣሪያ ነው። የመጀመሪያውን የገዛሁት በበይነ መረብ ከሚሸጥ ነጋዴ ሲሆን፣ በማሸጊያው ላይ ሙቀት የማያዛባው የድግግሞሽ ምንጭ እንዳለው ተጽፎ ነበር። ከፍቼ ሳየው ተራ ክሪስታል ነው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በ143 ሜጋኸርትዝ ላይ ከሚሊዮን አንድ እጅ ስህተት 143 ኸርትዝ ማለት ነው፤ ተራው ክሪስታል ደግሞ ከሚሊዮን 40 እጅ ሊሳሳት ይችላል፤ ይህም ወደ 5,700 ኸርትዝ ይጠጋል። እኔ ልለካ የተነሣሁት የሳተላይት ዶፕለር፣ ማለትም ሳተላይቱ በመንቀሳቀሱ በማሚቶው ድግግሞሽ ላይ የሚመጣው ለውጥ፣ በአጠቃላይ ከዚያ ብዙም ስለማይበልጥ፣ በዚህ መሣሪያ የሚገኝ ልኬት ምንም አይናገርም። መልሼ ላክሁት፤ ገንዘቤ እስካሁን አልተመለሰም። ከሌላ ሻጭ ያስመጣሁት ሁለተኛው መሣሪያ ግን ግማሽ ሰዓት ከሞቀ በኋላ ከቦታው የሚነቃነቀው በጥቂት ኸርትዝ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ችግር የከተማው የኤፍኤም ጣቢያዎች ናቸው። በጣም ኃይለኛ ስለሆኑ መቀበያውን ያጨናንቁትና በማይገባቸው ቦታ የውሸት መስመሮች ያስነሣሉ። ከ88 እስከ 108 ሜጋኸርትዝ ያለውን የሚዘጋ ማጣሪያ ከአንቴናው ቀጥሎ፣ ከእሱም ቀጥሎ አነስተኛ ማጉያ ገጠምኩ። ቅደም ተከተሉ ይህ መሆን አለበት፤ ማጉያው ከፊት ከሆነ የሚያጎላው ጫጫታውን ነው።

መስከረም 24 ቀን

ሦስት ምሽት ሙሉ በየ60 ኪሎኸርትዙ የሚደጋገም የጫጫታ ግድግዳ ነበረብኝ። ላፕቶፑን በባትሪ እያሠራሁ የቤቱን መብራት ማብሪያ ማጥፊያዎች አንድ በአንድ ሳጠፋ፣ ጥፋተኛው የሳሎኑ አምፖል ማስተላለፊያ ሆኖ ተገኘ። ገመዱን በፌራይት ቀለበት ውስጥ አምስት ጊዜ አሳለፍኩት፤ ጫጫታው ጸጥ አለ።

መስከረም 26 ቀን

ዛሬ ሰማዩ ተናገረ።

ባለሙያዎቹ ፏፏቴ በሚሉት ሰሌዳ ላይ ድግግሞሽ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ጊዜ ደግሞ ከላይ ወደ ታች ይሰፈራል። በመካከሉ፣ ልክ 143.050 ላይ፣ እንደ ክር የቀጠነ መስመር አለ፤ ይህ ከምድር በላይ ባለው አየር ታጥፎ፣ ከአውሮፕላኖችም ላይ ነጥሮ የሚደርሰኝ የማሰራጫው የራሱ ሞገድ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የመቀበያዬን ትክክለኛነት የምፈትነው በእሱ ነው። በክሩ ግራና ቀኝ ሲወዛወዙ የሚውሉት መስመሮች ወደ ፍራንክፈርት የሚመጡና ከዚያ የሚነሡ አውሮፕላኖች ናቸው። አንድ አውሮፕላን በሴኮንድ 250 ሜትር ቢበር ሊያስከትል የሚችለው ለውጥ ከ240 ኸርትዝ አይበልጥም፤ ስለዚህ ከዚያ ወሰን ውጭ የሚታይ ረጅም መስመር አውሮፕላን ሊሆን አይችልም። ይህን ወሰን በወረቀት ጽፌ ከላፕቶፑ ክዳን ላይ ለጥፌዋለሁ።

ከዚያ በድንገት ለግማሽ ሴኮንድ ያህል ደማቅ ጭረት ታየ፤ በድምፅ ማጉያውም ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ አጭር ፉጨት ተሰማ። ተወርዋሪ ኮከብ ነው፤ ከምድር በላይ 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲቃጠል ትቶት የሚሄደው በኤሌክትሪክ የተሞላ ጅራት የግራቭስን ሞገድ እንደ ብረት ሽቦ ይመልሰዋል። ልጄ ከክፍሏ ወጥታ መጥታ፣ «አባዬ፣ ሰማይ ያፏጫል እንዴ?» አለችኝ። «አዎን፣ የኔ ልጅ፤ ነይ አብረን እንስማ» አልኳት፤ እስክትተኛ ድረስም አጠገቤ ተቀምጣ በደብተሯ ላይ ለእያንዳንዱ ፉጨት አንድ አንድ መስመር አሰመረች።

ጥቅምት 3 ቀን

የጠፈር ጣቢያው ተገኘ።

የምህዋር ቁጥሮቹን ሴለስትራክ ከተባለው የመረጃ ማከማቻ ወስጄ፣ ጣቢያው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ከሜዲትራኒያን ባሕር በላይ የሚያልፍበትን ሰዓት አስቀድሜ አስልቼ ነበር። የሚጠበቀው የዶፕለር መጠን የሚወጣው በሁለት ርቀቶች ድምር ነው፤ አንደኛው ከማሰራጫው እስከ ጣቢያው፣ ሁለተኛው ከጣቢያው እስከ እኔ ያለው ነው። ድምሩ እያጠረ ሲሄድ የሚመለሰው ድግግሞሽ ከ143.050 በላይ ይሆናል፤ ሲረዝም ደግሞ ከዚያ በታች ይወርዳል።

በ18 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ላይ፣ ከመካከለኛው ክር በስተቀኝ ከ4,000 ኸርትዝ አልፎ፣ እምብዛም የማይለይ ጭጋግ መሰል ነገር ታየ። መጀመሪያ ዓይኔን ተጠራጠርኩ። ቀስ በቀስ ወደ መካከል እየተሳበ መጣ፤ እየቀረበም ሲሄድ ፈጠነ፣ ደመቀም። ክሩን ሲያቋርጥ በእያንዳንዱ ሴኮንድ 50 ኸርትዝ ያህል ይወርድ ነበር፤ ከዚያ ወደ ግራ አልፎ ዝግ እያለ፣ እየደበዘዘ ጠፋ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከሦስት ደቂቃ ብዙም አልበለጠም፤ በሰሌዳው ላይ የቀረው ቅርጽ በድንጋይ መካከል ሲተጣጠፍ የሚያልፍ እባብ ጀርባ ይመስላል። ብርሃኑ አንድ ወጥ አልነበረም። በየጥቂት ሴኮንዱ ደመቅና ደብዘዝ ይል ነበር፤ ይህም የግራቭስ ጨረር የሚሸፍነውን ሰማይ ከፋፍሎ በየተራ እየጠረገ ስለሚሄድ፣ አንዱ አቅጣጫ ሙሉ ብርሃን የሚያገኘው ተራው ሲደርስ ብቻ ስለሆነ ነው።

በጣም የማረከኝ ግን ቅርጹ ራሱ ሳይሆን ልኬቱ ነው። ኩርባው ክሩን ያቋረጠበት ጊዜ ከስሌቴ ጋር በ20 ኸርትዝ ልዩነት ገጠመ። ድግግሞሹ በሴኮንድ 50 ኸርትዝ ስለሚወርድ፣ 20 ኸርትዝ ማለት አራት ዐሥረኛ ሴኮንድ ነው፤ በዚያ ጊዜ ጣቢያው የሚጓዘው 3 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከዘንግና ከእንጨት በተሠራ አንቴና፣ ከሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ በመጣ ሞገድ፣ ከ400 ቶን የሚበልጠው ጣቢያ በመንገዱ ላይ ያለበትን ቦታ በ3 ኪሎ ሜትር ውስጥ መናገር ተቻለ ማለት ነው።

በዚህ ብደሰትም 3 ኪሎ ሜትር ለዋናው ሥራ ምን ያህል ሩቅ እንደሆነ እዚሁ ልጻፍ። እ.ኤ.አ. የካቲት 10 ቀን 2009 ኢሪዲየም 33 እና አገልግሎቱን ጨርሶ የነበረው የሩስያው ኮስሞስ 2251 ከሳይቤሪያ በላይ በ789 ኪሎ ሜትር ከፍታ ተጋጭተው ሲሰባበሩ፣ በዚያን ጊዜ ለሕዝብ ክፍት የነበረው የምህዋር መረጃ ከ500 ሜትር በላይ ተራርቀው እንደሚያልፉ ያመለክት ነበር። ይህን ሥራ በእውነት የሚሠሩት ጣቢያዎች የሚታገሉት በመቶ ሜትሮች ነው።

ጥቅምት 17 ቀን

ሁለት ሳምንት ሙሉ ኤንቪሳትን ስፈልግ ቆየሁ፤ ምንም አላገኘሁም። ኤንቪሳት የአውሮፓ የጠፈር ድርጅት የነበረ፣ ከ8 ቶን በላይ የሚመዝን፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 2012 በድንገት ከምድር ጋር ያለው ግንኙነት የተቋረጠና እስከ ዛሬም በዝምታ የሚዞር ሳተላይት ነው። ይህን የሚያክል ብረት በጨረሩ ውስጥ ሲያልፍ ማሚቶው ለምን እንደማይታይ ሊገባኝ አልቻለም። አንቴናውን ፈታሁ፣ ብሎኖቹን በካቻቪቴ እንደገና አጠበቅሁ፣ ገመዱን ቀየርኩ።

ስህተቱ ያለው በቀረጻው ውስጥ መሆኑን ያገኘሁት ዛሬ ወረቀት ላይ ሳሰላ ነው። የጠፈር ጣቢያው ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ፣ ከፊት ለፊቴ በወርድ ስለሚያልፍ የእሱ ዶፕለር ከበላይ ወደ በታች መሐሉን እያቋረጠ ይሄዳል፤ ደማቁ ክፍሉም ሁሉ በመካከለኛው 4,000 ኸርትዝ ውስጥ ነው። ስለዚህ የዲስኩን ቦታ ለመቆጠብ ስል ቀረጻውን ከክሩ ግራና ቀኝ በ4,000 ኸርትዝ ላይ ገድቤው ነበር። ኤንቪሳት ግን እንደ አብዛኞቹ ምድርን የሚቃኙ ሳተላይቶች ከምድር ዋልታ ወደ ዋልታ የሚዞር ነው። ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲመጣ ወደ ማሰራጫውም ወደ እኔም በቀጥታ ስለሚገሰግስ፣ የሁለቱ ርቀቶች ድምር በሴኮንድ 12 ኪሎ ሜትር ያህል እያጠረ ይሄዳል። ያንን ለ2.1 ሜትር የሞገድ ርዝመት ስናካፍለው ወደ 6,000 ኸርትዝ ይጠጋል። የምፈልገው ማሚቶ ሁልጊዜ ከቆረጥኩት ወሰን ውጭ ያልፍ ነበር።

ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ሁሉ ቀረጻውን ከክሩ ግራና ቀኝ እስከ 10,000 ኸርትዝ ድረስ ክፍት እንዲያደርገው አጥብቄ እመክራለሁ። የዲስክ ቦታ ርካሽ ነው፤ ሳይቀረጽ ያለፈ ማሚቶ ግን ተመልሶ አይገኝም።

ጥቅምት 21 ቀን

ኤንቪሳት፣ በ9 ሰዓት ከ12 ደቂቃ፣ ከ143.050 በላይ 6,000 ኸርትዝ አካባቢ። ከጠፈር ጣቢያው በጣም የደከመ ቢሆንም ከስሌቱ መስመር ጋር ገጥሞ ለ40 ሴኮንድ ታየ። በሌላ ማለፊያም ደገመ። ምንም ድምፅ የማያሰማ፣ የሚያዘውም ሰው የሌለው ሳተላይት ስለሆነ፣ ስለ እሱ ከምድር የሚታወቀው በሚያንጸባርቀው ነገር ብቻ ነው።

ግንኙነቱ በተቋረጠበት ሳምንት ይህን ሳተላይት የመረመረው ከእኔ ቤት ሩቅ ያልሆነ ራዳር ነው። በቦን አቅራቢያ በቫክትቤርግ ያለው ቲራ 34 ሜትር ስፋት ያለው ሰሃን አለው፤ ሰሃኑም በትልቅ ነጭ ሉል ውስጥ ተሸፍኖ ከሩቅ ይታያል። ሥራው ከግራቭስ ጋር ይለያያል። ግራቭስ እንደ አጥር ነው፤ ማን እንደሚያልፍ አስቀድሞ ሳያውቅ ያለፈውን ሁሉ ይመዘግባል። ቲራ ደግሞ አንዱን ነገር መርጦ ከአድማስ እስከ አድማስ ይከተለዋል፤ ከሚመለሰውም ሞገድ የሳተላይቱን ቅርጽ የሚያሳይ ምስል ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ከቁጥጥር ውጭ ሆኖ እየወረደ የነበረውን የቻይና ቲያንጎንግ-1ን ምስል ያወጣውም እሱ ነው። አጥርና ተከታይ አንዱ ያለ ሌላው ጎዶሎ ነው፤ አጥሩ ያላየውን ተከታዩ ወዴት ብሎ እንደሚፈልገው አያውቅም።

ኅዳር 2 ቀን

ጨረቃ በደቡብ ምሥራቅ 20 ዲግሪ ከፍታ ላይ ሳለች ማሚቶዋ ተሰማ። ሞገዱ ሄዶ ለመመለስ ሁለት ሴኮንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል። መስመሩ ደካማና የተበተነ ነው፤ የጨረቃ ገጽታ ሸካራ ስለሆነና ከእያንዳንዱ ተራራዋ የሚመለሰው ሞገድ ትንሽ በትንሽ ስለሚለያይ ነው። ከዓላማዬ ውጭ ስለሆነ በዚህ አልቆይም፤ ነገር ግን አንቴናው በጥሩ ሁኔታ ላይ እንዳለ ጥሩ ምስክር ሆኖኛል።

ኅዳር 11 ቀን

ወደ ኢቲአርኤስኤስ-1 ተዘጋጀሁ። የተላከችበት ምህዋር 628 ኪሎ ሜትር ከፍታ ያለው፣ ከዋልታ ወደ ዋልታ የሚሄድ ነው። ከፍታው ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስከፍል አሰላሁ። በአንድ ዓይነት የእይታ ማዕዘን፣ ከማሰራጫው እስከ ጠፈር ጣቢያው ያለው ርቀት 880 ኪሎ ሜትር፣ ከጣቢያው እስከ እኔ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለኢቲአርኤስኤስ-1 ግን 1,260 እና 1,570 ይሆናል። የማሚቶው ኃይል በሁለቱም ርቀቶች ካሬ ስለሚቀንስ፣ የጠፈር ጣቢያውን የሚያክል ነገር እንኳ እዚያ ከፍታ ላይ ቢቀመጥ በሦስት እጥፍ ተኩል ይደክማል። ሳተላይቷ ደግሞ ከጣቢያው ጋር በመጠን አትነጻጸርም።

ይህን ጉድለት የምሞላው በጊዜ ነው። ደካማ ሞገድን ለረጅም ጊዜ ማጠራቀም ከጫጫታው በላይ ያወጣዋል፤ ይሁን እንጂ ማሚቶው በሴኮንድ 11 ኸርትዝ ያህል ስለሚንሸራተት ዝም ብሎ ቢጠራቀም በሰሌዳው ላይ ተበትኖ ይጠፋል። ስለዚህ የጻፍኩት አጭር ፕሮግራም አስቀድሞ የተሰላውን የዶፕለር ኩርባ ከቀረጻው ላይ ይቀንሳል። ስሌቱ ትክክል ከሆነ የሳተላይቷ ማሚቶ ከእንግዲህ አይንሸራተትም፤ ልክ ዜሮ ላይ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሌላው ሁሉ ግን ይንሸራተታል። ከዚያ 20 ሴኮንድ ማጠራቀም ይቻላል።

ፕሮግራሙን የምፈትንበት ጥሩ መመዘኛ አለ። ኢቲአርኤስኤስ-1 ከቻይና ታይዩዋን የተነሣችው በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት ላይ ሲሆን፣ የዚያ ጉዞ ዋና ተጓዥ የቻይናና የብራዚል የጋራ ሳተላይት የሆነችው ሲቢኢአርኤስ-4ኤ ነበረች። ሁለቱ የተላኩት ወደ አንድ ዓይነት ምህዋር ነው፤ ልዩነታቸው በመጠን ነው፤ ሲቢኢአርኤስ-4ኤ ከአንድ ቶን በላይ ትመዝናለች። እሷን ማየት ካልቻልኩ ታናሺቱን ፍለጋ መድከም ትርጉም የለውም።

ኅዳር 27 ቀን

ሲቢኢአርኤስ-4ኤ በ11 ማለፊያዎች ተሞከረች፤ በአራቱ ላይ ምሰሶው ዜሮ ላይ ቆመ። ሁለቱ ያለ ጥርጥር የሚታዩ ናቸው፤ ሌሎቹ ሁለቱ ከማጠራቀም በኋላ ብቻ የወጡ ናቸው። ዘዴው ይሠራል።

ታኅሣሥ 5 ቀን

የጌሚኒድ ተወርዋሪ ከዋክብት ከፍተኛው ሌሊት ነው። ሰሌዳው በጭረት ስለተሞላ የሳተላይት ሥራ አልተቻለም። ልጄ በደብተሯ አንድ ሙሉ ገጽ ሞላች።

ታኅሣሥ 10 ቀን

ኢቲአርኤስኤስ-1 በ14 ማለፊያዎች ተፈለገች። በ13ቱ ምንም የለም። በኅዳር 30 ቀን ጠዋት ማለፊያ ላይ ግን ዜሮ አጠገብ፣ ከ3 ኸርትዝ በማይበልጥ ርቀት ላይ፣ የደበዘዘ ምሰሶ የሚመስል ነገር አለ። ያየሁ ለታ ልቤ ዘለለ። በእንጦጦ የጠፈር ምርምር ማዕከል ላሉት ወዳጆቼ ልጽፍ ስልኬን ካነሣሁ በኋላ መልሼ አስቀመጥኩት።

ምክንያቱም ያየሁትን እንድምልበት ከመድረሴ በፊት አንድ ፈተና ይቀረኝ ነበር። በዚያ ሰዓት በጨረሩ ውስጥ ያልነበረች የሐሰት ሳተላይት ፈጠርኩ፤ የኢቲአርኤስኤስ-1ን ስሌት እንዳለ ወስጄ ጊዜውን በ10 ደቂቃ አዘገየሁትና በተመሳሳይ ቀረጻ ላይ፣ በተመሳሳይ ፕሮግራም አስኬድኩት። ያን በተለያየ የጊዜ ልዩነት 50 ጊዜ ደገምኩት። ከ50ዎቹ በሦስቱ ላይ፣ ምንም ሳተላይት በሌለበት፣ የኅዳር 30ውን የሚያክል ወይም ከዚያ የሚበልጥ ምሰሶ ቆመ። ጫጫታ ብቻውን ይህን ማድረግ ከቻለ የእኔ ምሰሶ ምስክር ሊሆን አይችልም። በሲቢኢአርኤስ-4ኤ ላይ ያንኑ ፈተና ሳደርግ ግን ከሐሰተኞቹ አንዱም ከሁለቱ ደማቅ ማለፊያዎች አጠገብ አልደረሰም።

ስለዚህ በመዝገቡ ላይ በኢቲአርኤስኤስ-1 ስም ትይዩ «አልታየችም» ብዬ ጻፍኩ፤ የኅዳር 30ውን ቀረጻ ግን ሳልሰርዝ ለብቻው አስቀመጥኩት።

የሚያስፈልገኝ ተጨማሪ ኃይል ነው። ሁለተኛ ተመሳሳይ አንቴና ከመጀመሪያው ጎን ቢቆምና ገመዶቻቸው በእኩል ርዝመት ቢገናኙ የሚሰበሰበው ሞገድ እጥፍ ይሆናል። ከሰዓት በኋላ ቱቦዎቹን ገዝቼ ተመለስኩ። 103 ሳንቲ ሜትሩን ቆርጫለሁ፤ 99ኙን ሦስት ጊዜ ለክቼ ምልክት አድርጌበታለሁ።